የሐጂ ሁሴን ዋስትና

ዓርብ

ከአረርቲ ድረስ የመጣሁት ጉም ላይ ላፈጥ ነው? ስንት ዓመት ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ የሳልኩትን የአንኮበር ገደል አንድ ቀን በዓይኔ ልየው ብዬ ነበር። ባሌ ተስፋዬ «ተራራሽ ብርድ ፈርቶ ተኝቷል» እያለ ያበሽቀኛል። ከሰዓት ተገለጠልኝ! መንገዱን፣ ሸንተረሩን፣ ምንጮቹን በወረቀት ነደፍኩ። ወረቀቱን ተስፋዬ ኪሱ ከተተው። ማምሻውን አሊዩ አምባ ወርደን አልጋ ስናጣ፣ ሐጂ ሁሴን የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ ቤታቸው አሳደሩን።

ቅዳሜ

ጠዋት ቁልቁለቱ ላይ ስንዞር ታጣቂዎች አስቆሙን። ሲፈትሹን ካርታዬን ከተስፋዬ ኪስ አገኙት።

«ለማን ነው የምትሰልለው?»

በሰደፍ ክንዱን መቱት። ሲሰበር ሰማሁት። ወደቀ፤ ረገጡት። አፉ በደም ተሞላ። «የኔ ነው! አስተማሪ ነኝ!» ብዬ ስጮህ በጥፊ አጮሉኝ። አንበርክከውት ጠመንጃ አቀባበሉ።

ሐጂ ሰው ነግሯቸው እየሮጡ ደረሱ። «በአላህ! እንግዶቼ ናቸው። እኔ ዋስ እሆናለሁ።»

አለቃቸው «እስከ ማክሰኞ ከዚህ እንነሳለን። እስከዚያ ያለንበትን ቢናገሩ በእርስዎ ነፍስ ነው» አላቸው።

«ይሁን፣ በኔ ነፍስ።»

እኛን ለቀቁን። እሳቸውን ይዘዋቸው ቀሩ።

እሁድ፣ ደብረ ብርሃን

ክንዱ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ሁለት ጥርስ የለውም። የኔ ግራ ጆሮ ይጮሃል።

ተስፋዬ መንገዱን ሙሉ «ቦታቸውን ተናግሬ አስጨርሳቸዋለሁ» ሲል ነበር። «ሐጂስ?» ስለው ፊቱን አዞረ። እውነቱን ልጻፍ፤ ያ በሰደፍ የመታው ሲሞት ባይ እኔም ደስ ይለኛል። ግን ሐጂስ?

ሐኪም ቤቱ ውስጥ ወታደር መጥቶ «ማን መታህ? የት?» አለው። ተስፋዬ አፉን ከፈተ።

«ከገደል ወደቅኩ።»

ወታደሩ ደረቱ ላይ ያለውን የጫማ ምልክት አየና «ገደሉ ጫማ ያደርጋል?» ብሎ ወጣ።

ሰኞ

ከጠዋት ጀምሮ በአንኮበር በኩል ከባድ መሣሪያ ይተኮሳል። እኛ አልተናገርንም! ግን ማን ያምነናል? ሐጂ ጋ ሠላሳ ጊዜ ደወልኩ። አይሠራም። ያንን ወረቀት የነደፈ እጄን ብቆርጠው ደስ ባለኝ።

ማክሰኞ

ስልኬ ጮኸ። ሐጂ ናቸው! «የተስፋዬ ክንድ እንዴት ዋለ?» ይሉኛል፣ እሳቸው ከሞት ወጥተው። ትናንት ተኩሱ ሲጀመር አለቃው ግንባራቸው ላይ ሽጉጥ ደግኖ «እንግዶችህ ሸጡህ» ብሏቸዋል። «እንግዶቼ አያደርጉትም አልኩት፤ አልሐምዱሊላህ፣ ሳይተኩስ ጥሎኝ ሄደ» አሉ። ማልቀስ ብቻ ሆነ ሥራዬ።

ተስፋዬ ስልኩን በደህና እጁ ተቀበለኝ።

«ሐጂ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ምን አደረግኸኝና ልጄ?»

ስልኩን መልሶ ሰጠኝ። እኔም መንገድ ላይ ያለውን አልነገርኳቸውም።