ሳትከፍቺው የሄድሽው የቆጮ ጉድጓድ

... ሦስተኛውን ድንጋይ ሳቀብልሽ ቀለለብሽና ወደ ጎን ወረወርሽው። ከበድ ያለ ፈልጌ አመጣሁ። የኮባውን ቅጠል አንዱን ባንዱ ላይ አጣጥፈሽ፣ በመዳፍሽ ጠፍጠፍ አድርገሽ፣ ድንጋዩን ከላይ ጫንሽበት። ከዚያ ምን እንዳልሽኝ ነው የጠፋኝ። የሆነ ነገር ብለሽኛል። ወገብሽን ይዘሽ ቀና እያልሽ ነበር።

እማማ፣ ከተለየሽን ስምንት ወር ሆነ። ይህን የምጽፍልሽ መንደራችን ጪጩ፣ ያንቺው ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ነው። ቤቱ እንዳለ ነው ልልሽ ፈልጌ ነበር፤ እንዳለ አይደለም። በጓሮ በኩል የግድግዳው ጭቃ ረግፏል። ከእንሰቶቹ ሁለቱን ነፋስ ጥሏቸዋል። ቡናው ግን ማንም ሳያየው ቀልቷል። ዶሮዎችሽን ጎረቤትሽ እትዬ ብርቱካን ወስዳቸዋለች፤ ማንም አልከፋውም። እነሱ ግን አሁንም አመሻሹ ላይ እየመጡ ያንቺ በር ሥር ይቆማሉ።

እኔ ከዲላ የምመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፣ በባጃጅ። መጥቼ የማደርገው ነገር የለም። በሩን እከፍታለሁ፣ አልጋሽን አያለሁ፣ ጓሮ ዞሬ ጉድጓዱ አጠገብ እቆማለሁ። ታመሽ ወደ ዲላ ሳልወስድሽ በፊት የቀበርሽው ቆጮ እስከ ዛሬ ጠዋት እዚያው ነበር። ተበላሽቶ ይሆን? ስምንት ወር ሙሉ የማስበው ይኼንኑ ነበር። ቢሮ ተቀምጬ ደብዳቤ እየጻፍኩ በመሃል ይመጣብኝ ነበር። ይኼኔ ጠቁሯል። ይኼኔ ተልቷል።

ልጆችሽ ሦስቱም ወንዶች፤ ያሳደግሽኝ የልጅ ልጅሽም ወንድ። እንሰት መፋቅ፣ መጭመቅ፣ መቅበር፣ ማውጣት የሴት ሥራ ነው፤ ወንድ ይተክላል፣ ድንጋይ ያቀብላል። ከድንጋዩ በታች ያለው ሁሉ ያንቺ ነበር። ትንሽ ልጅ ሆኜ እጄን ልሰድ ስል በክርንሽ ትገፊኝ ነበር። ክርንሽ እርጥብ ነው፤ ጎምዘዝ ያለው ሽታ ሸሚዜ ላይ ይቀርና ትምህርት ቤት ይስቁብኛል።

አንድ ቀን አፈርኩብሽ። ያኔ አልነገርኩሽም። በኮባ የጠቀለልሽውን ምሳ ይዘሽ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስትጠሪኝ፣ ያልሰማሁ መስዬ ወደ ክፍል ገባሁ። ምሳውን ዘበኛው አመጣልኝ። ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ሴቶቹ ጉድጓዱን እንክፈት አሉ። እንግዳው በዝቷል፣ ምግቡ አልቋል። እኔ ከወንዶቹ መካከል ተነሥቼ «አልደረሰም» አልኩ። ሳቁ። በለቅሶ ቤት፣ እማማ፣ ሳቁ። እትዬ ብርቱካን «ከመቼ ወዲህ ነው ወንድ የቆጮ ዕድሜ የሚቆጥረው!» አለች። ግን አዘኑልኝና ተዉት። ደርሶ ነበር። አውቅ ነበር። ከእጅሽ ሥራ የቀረው እሱ ብቻ ነው፤ በአንድ ከሰዓት ተበልቶ ሲያልቅ ማየት አልቻልኩም።

ክረምቱ ሲገባ ዝናቡን ፈራሁ። ከዲላ ወፍራም ላስቲክ ገዝቼ አለበስኩት፣ ዙሪያውን በአፈር ደፈንኩት። ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

አይደለም። ይኼም ውሸት ነው። በመጨረሻው ሳምንት፣ እኔ ክፍል ተኝተሽ፣ በግልጽ ነግረሽኝ ነበር። ቅጠሉ ይለወጥ፣ ቆጮው ይገላበጥ፣ ለብርቱካን ንገራት አልሽኝ። ሁለት ጊዜ። እኔ እሺ እማማ፣ አሁን ስለሱ አታስቢ እያልኩ ብርድ ልብሱን አስተካከልኩልሽ። ብነግራት ሥራውን በአንድ ጠዋት ትጨርሰው ነበር። አልነገርኳትም። ከነገርኳት ይከፈታል።

ዛሬ ጠዋት እትዬ ብርቱካን ትኩስ ኮባ ተሸክማ፣ ቢላዋ ይዛ፣ ሳትጠራ መጣች። «ወይ አንተ ትከፍታለህ ወይ እኔ እከፍታለሁ» አለች። ላስቲኩን ስታይ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ውይ አንተ ልጅ! አፈንከው እኮ! እሷ ስንት ክረምት ስትቀብር ላስቲክ ነበራት?»

ድንጋዮቹን አንድ ባንድ አነሣሁ። የመጨረሻው ሲነሣ ወደ ኋላ እንድል በእጇ ምልክት ሰጠችኝ። አላልኩም። አጠገቧ ተንበረከክኩ።

ቅጠሉ በስብሶ ከጣቷ ጋር ተነሣ። ከላይ ጥቁር ነው። ሽታው ያንቺ አይደለም፤ ፊቴን አዞርኩ። በቢላዋ እየቆረጠች ወደ ጎን ትጥላለች፤ ጥቁር፣ ግራጫ፣ እንደገና ጥቁር። ክንዷ እስከ ክርኗ ገባ። መቁረጧን አቆመች። ከሥር፣ ከጥጉ፣ ሁለት ጭብጥ የሚሆን ነጭ አወጣች። አሸተተችውና ወደ አፍንጫዬ አስጠጋችልኝ። ያ ነው። ራሱ ነው።

«ይቺ ተርፋለች» አለች። «የኔን ስቀብር እርሾ ትሆነኛለች። ካልሆነም ጋግሬ ላብላህ፣ ምረጥ።»

ትንሽ ቆንጥሬ ጥሬውን አፌ ውስጥ አደረግኩት። የቀረውን ለእርሾ ውሰጂው አልኳት። የእሷ ቆጮ ውስጥ ይገባል፣ ከእሷ ደግሞ ወደ ሌላ ቤት፤ ሲቆይ የማን እጅ እንደነበር የሚያውቅ አይኖርም። እኔ አውቃለሁ። ቃሌ ይኼ ነው እማማ፦ በዚህ አገር እስካለሁ፣ በማንም ቤት ቆጮ ሲቀርብልኝ፣ ከመጉረሴ በፊት ስምሽን በሆዴ እጠራለሁ። በከተማ ሰዎች መካከል ብሆንም። ቢስቁም።

ነጯን ሳህን ላይ አድርጋ አጥሩን አልፋ ስትሄድ ተከተልኳት። ደጃፏ ላይ ስትደርስ ነገርኳት። «እማማ ለአንቺ መልእክት ነበራት፣ ቅጠሉ ይለወጥ ብላ ነበር፣ ለብርቱካን ንገራት ብላኝ ነበር» አልኳት።

«መቼ?» አለች።

መቼ እንደሆነ ነገርኳት።

ሳህኑን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። ፊቴን አየችው። ከዚያ ገባች። በሩ ተዘጋ።