አላውቅም የምትል መስኮት

ግንቦት 26

ሰኞ። እንደ ሰኞነቱ ከባድ። ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ደክሞኛል... ገና ምንም ሳልሠራ።

ዛሬም መስኮቷ ላይ ዋልኩ። ስሟን ያወጣንላት እኔና ከጎኔ የሚቀመጠው፣ «ቀስ በይ» የምንለው ልጅ ነን። የአውቶቡስ ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ የእኛ ያልሆነ ነገር ሁሉ የሚገባው በእሷ በኩል ነው። አውቶቡሱ የት እንደደረሰ የሚያሳየው ካርታ የሌላ ኩባንያ ነው። የአየር ሁኔታው የሌላ፣ ቪዲዮው የሌላ። የእኛ ክፈፉ ብቻ። አንዴ የተጻፈች፣ የፈለግንበት ገጽ ላይ የምንሰካት ኮድ ናት። የሰው ቤት የሚታይባት መስኮት። ጥሩ ስም አይደል?

አመሻሽ ላይ አባዬ ጋ ደወልኩ። ከኩላሊት እጥበት ገና መመለሱ ነበር። እንዴት ነህ? «ደህና ነኝ።» ድምፁ ግን ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ሁሌም ደህና ነው። እማዬን ቀብረን የተመለስን ዕለትም ደህና ነበር።

ግንቦት 28

አለቃችን ደንበኛውን ይዞ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። ቅጽል ስሙ «ያምራል ወይ» ነው፤ ሌላ ጥያቄ አያውቅም። የካርታው ኩባንያ መስመር ለአፍታ ተቋርጦ መስኮቷ ባዶ ነጭ ሳጥን ሆና ጠበቀቻቸው። የአለቃዬ ፊት ጠቆረ።

ደንበኛው ሲሄድ ተመለሰ። ባዶ ነገር ዳግም እንዳላይ አለ። ኩባንያው ከሚንቀሳቀሰው ካርታ ጋር የካርታውን ፎቶም ይልክልን የለ? የመጨረሻውን ፎቶ ያዢውና፣ ሲቋረጥ እሱ ይታይ። ቀስ በይ አጉረመረመ... ፎቶው ያረጀ ከሆነስ? ቢያንስ ሰዓቱን እንጻፍበት። አለቃዬ ሰዓቱ ውበቱን ያበላሻል አለ።

እኔስ? ዝም። ክርክር ጉልበት ይፈልጋል፤ ጉልበት ደግሞ ከየት ይምጣ። ከሰዓት ሠርቼ ጨረስኩት።

ያምራል።

ሰኔ 1

አባዬ ጋ ዋልኩ። ቤቱ ያው ነው። የስፌት መኪናው ጨርቅ ለብሶ ጥግ ይዟል፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ልብስ ማስቀመጫ ሆኗል። እግሩ አብጧል። ካልሲው ሲወልቅ ምልክቱ ቀርቶ አየሁ። ለሆስፒታሉ ታክሲ ልመድብልህ ብለው እግር አለኝ ይላል። ያንን እግር!

ድሮ ማቆሚያው ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። አሁን ስልኩን አፍጥጦ እያየ ቤቱ ይቀመጥና፣ አውቶቡሱ ሁለት ማቆሚያ ሲቀረው ይወጣል። ለጎረቤቱ ሳይቀር አሳይቷል። ልጄ የሠራችው ነው እያለ። ኧረ አባዬ፣ ካርታው የእኔ አይደለም፣ የእኔ ክፈፉ ነው አልኩት። ሳቀብኝ። «እኔስ መቼ ጨርቅ ሸምኜ አውቃለሁ? ሱፉን ግን የእኔ ነው ስል ኖሬያለሁ።»

ሰኔ 3

ልጻፈው...

ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ። ረፋድ ላይ ከሆስፒታል ነርሷ ደወለች። አባትሽ ተራቸው ደርሶ አልመጡም አለችኝ። ደወልኩለት። ደህና ነኝ፣ ማቆሚያው ላይ ነኝ፣ አውቶቡሱ ሁለት ማቆሚያ ቀርቶታል አለኝ። ገጹን ከፈትኩ። እውነትም ሁለት ማቆሚያ። ትንሽ ቆይቼ አየሁ፤ ሁለት። ደግሜ... ሁለት። ቀስ በይ አንገቱን አስግጎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይሄ እኮ ፎቶው ነው።»

የካርታው ኩባንያ መስመር ከማለዳ ጀምሮ ተቋርጧል። አውቶቡሱ ለካ አባዬ ከቤት ሳይወጣ አልፎታል። የሚቀጥለው ደግሞ ጎርፍ መንገድ ዘግቶበት ቀርቷል። እሱ ግን ቆሟል። ታክሲ እንኳ ያልያዘው እየመጣ ነው ስላልኩት ነው። እኔ ነኝ ያልኩት፤ ሌላ ማን?

ስደርስ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ማቆሚያው ጣሪያ የለውም። እሱ በስብሷል፣ ስልኩን በፌስታል ጠቅልሏል። ፊቱ አብጧል። ትንፋሽ አጥሮታል። «ካርታሽ እየመጣ ነው ይላል» አለኝ። ቅር ያለው እንኳ አይመስልም።

ተራው ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር። ነርሷ እግዜር ይስጣት፣ አመሻሽ ላይ ሸጎጠችው። ሐኪሙ ሳይታጠብ ቢያድር ልባቸውን ይነካ ነበር አለኝ። ስንመለስ መኪናው ውስጥ፣ ሳልጠይቀው፣ ደህና ነኝ አለ።

«አይደለህም።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ሰኔ 4

ፎቶውን ነቅዬ ጣልኩት። በቦታው አንድ ዓረፍተ ነገር፦ «አውቶቡሱ የት እንዳለ አሁን አላውቅም።» ከሥሩ የስምሪት ክፍሉ ስልክ። አንድ ቦታ ነው የቀየርኩት፤ መስኮቷ ባለችበት ገጽ ሁሉ ይቀየራል። ጥፋቱም የተሰራጨው እንደዚሁ ነው።

ያምራል ወይ አየውና ተቆጣ። አላውቅም የሚል ድረ ገጽ የት አገር ታይቷል? ደንበኛው ምን ይላል? የአባቴን ነገር ነገርኩት። አዘነ፣ እውነቱን ለመናገር ከልቡ አዘነ። ግን ደንበኛውን ሳልጠይቅ ለሕዝብ እንዳትለቂው ብሎ ወደ ቢሮው ገባ።

እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ያ የታወቀው ድካም መጣብኝ... ተይው፣ ነገ ይደርሳል የሚለው። ቀስ በይ ወንበሩን አስጠጋ። ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ አንድ ቀን እንኳ አጣድፎኝ አያውቅም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ከአፉ አይጠፋም።

«ቶሎ በይ» አለኝ።

ለቀቅኩት።

ሰኔ 7

ደንበኛው ምንም አላለም። አለቃዬ አኩርፏል። መስኮቷ አለች፣ እኔም አለሁ። ደክሞኛል።

ሰኔ 10

አባዬ ጋ ስደውል ደህና ነኝ አለ። ይሄም ፎቶ ነው ብዬ አሰብኩ። ስንት ዓመት የቆየ? ልናገር አልኩና ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። የእሱ ልጅ አይደለሁ?

ሰኔ 12

ጠዋት ጫማዬን ሳስር ስልኬ ጮኸ። አባዬ። እሱ ደውሎልኝ አያውቅም፤ እኔ ነኝ የምደውለው። ሰው የሞተ መሰለኝ።

መስኮትሽ ዛሬ አላውቅም አለች አለኝ። ስምሪት ክፍሉ ጋ ደውሎ አውቶቡሱ እንደተበላሸ ነግረውታል። ጎበዝ፣ ታክሲ ያዝ እንግዲህ አልኩት። ልማዴ ነውና እንዴት ነህ አልኩ።

«ደህ...» ብሎ አቆመ። ትንፋሹ ይሰማኛል።

«ደህና አይደለሁም፣ ልጄ። ደረጃውን ብቻዬን አልወርድም። ነይ።»

ሄድኩ። ደግፌው ወረድን፤ ክብደቱን ሁሉ ጣለብኝ።

ይህን የምጽፈው ሆስፒታል፣ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው። ማሽኑ ይዞራል። እሱ ተኝቷል፣ አፉ ገርበብ ብሏል። ለቢሮ ደውዬ አልገባም አልኩ፤ እስከ መቼ ሲሉኝ አላውቅም አልኳቸው።

ሲነቃ እንዴት ነህ እለዋለሁ። የሚለኝን አምነዋለሁ።