የጠረጴዛው ጠባሳ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 5 ቀን 1998

ዛሬ እማዬን ካዛንቺስ ወሰድኳት፤ ድሮ ልብስ ስትተኩስ ወደኖረችበት የቀድሞው የአገር መሪ ቤት። አሁን ሙዚየም ሆኖ ይጎበኛል። በፊት ለፊቱ በር አልገባም ብላ አስቸገረችኝ፤ የለመደችው በጓሮ ነው።

ጭንቀቷን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ያኔ ከከሰል ካውያዋ ፍም ወድቆ የጌታውን ጠረጴዛ አቃጠለ፤ ከእኔ በቀር ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈራ ኖረች።

ጠረጴዛው ጋ ስንደርስ እጄን ጭምቅ አደረገችኝ። አስጎብኚዋ ጥቁሯን ነጥብ እያሳየች፣ «ይቺ መሪው ስለ አገር ሲያስቡ ሲጋራቸው የተወችው ምልክት ናት» አለች። ሰው ሁሉ በአክብሮት ጎንበስ ብሎ አያት።

እማዬ እጄን ለቀቀችኝ። «ጌታው እኮ የሲጋራ ሽታ እንኳ አይወዱም ነበር» ብላ በጆሮዬ አንሾካሾከች፤ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች።

ስንወጣ በፊት ለፊቱ በር ቀድማኝ ወጣች።