ዳንቴል ያለበስሁት ኮምፒውተርህ

ምናለዬ፣

እንዴት ነህ ብዬ እንዳልጀምር ራሴን ያስቀኛል፤ እኔ ደህና ነኝ ብል ደግሞ ውሸት ይሆናል። ከተለያየን ዓመት አለፈን። ሙት ዓመትህን ባለፈው ሰንበት አወጣን፤ ጠላው ቆንጆ ነበር፣ ሰዉም አላሳፈረንም። ያሳፈርሁት እኔ ነኝ። እሱን ልንገርህ ብዬ ነው የምጽፍልህ፤ ለሌላ ሰው አፌን ሞልቼ የምናገረው ነገር አይደለም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። መንገድ ዳር ያለችውን የሥራ ክፍልህን ለልብስ ሰፊ አከራየኋት። ማረፍህን ያልሰማ ሰው አሁንም አልፎ አልፎ የሰርግ ሲዲ ሊያስገለብጥ ይመጣል። እኔም "የለም" ብዬ እመልሰዋለሁ። ሞተ ማለት እስካሁን አልለመደልኝም።

ኮምፒውተርህን ግን ቤት አስገብቼ ማንም እንዲነካው አልፈቀድሁም። ሲነሣ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ አሮጌ ቢሆንም ያንተ ነው። ሐዘን ቤት ቴሌቪዥን እንደሚሸፈነው ሁሉ እሱንም በእጄ የሠራሁትን ነጭ ዳንቴል አለበስሁት፤ ዘርፉ እስከ ሲዲ መክተቻው ድረስ ይወርዳል። ስንቴ ተጣልተንበታል! አንተ "ሴትዮ፣ ማሽን አየር ይፈልጋል" እያልህ ትገፈዋለህ፣ እኔ አቧራ ይገባበታል እያልሁ መልሼ አለብሰዋለሁ። የሥራ ዕቃዬን ሙሽራ አደረግሽው እያልህ ትስቅብኝ ነበር።

ውስጡ የቀረችው የወንድምህ የጌትነት የሰርግ ሲዲ ናት። የሱን ልጆቹ ሰብረውበት፣ ካንተ ዘንድ የነበረችውን ልትገለብጥለት አስገብተሃት ሳለ ታመምህ። የሰው ሁሉ ሰርግ ስትቀርጽ ኖረህ አንተን የቀረጸህ የለም። ለጌትነት ሚዜ ስትሆን ብቻ ካሜራውን ለሌላ ሰው ሰጠህ። ስትንቀሳቀስ የምትታየው እዚያ ብቻ ነው።

ከአርባህ በኋላ አንድ ቀን ቤቱ ጭር ሲልብኝ፣ ልይህ ብዬ ኮምፒውተሩን አስነሣሁት። ቁልፉን ስጫን መክተቻው ወጣ። ሲዲዋን ሳያት አልቻልሁም። ዳንቴሉን መልሼ ለቀቅሁበት፣ መክተቻውን በመዳፌ ገፍቼ ዘጋሁትና ወጣሁ። ይህን ለማንም አልተናገርሁም።

ትንሽ ቆይቶ ጌትነት የሰርጌን ሲዲ ልውሰድ ብሎ ከእንጅባራ መጣ። ቁልፉን ሲጫን መክተቻው ጣት ያህል ወጣ ይልና ተመልሶ ይገባል፣ ቅርር ቅርር ይላል። አጥፍቶ አስነሣው፣ እንቢ። ኬብሉን ነቅሎ ሰካው፣ እንቢ። ካቻቪቴ አውጥቶ ጎኑን መፍታት ሲጀምር ደሜ ፈላ። የወንድምህ አፈሩ ሳይደርቅ ዕቃውን ትበታትናለህ ወይ፣ ደህናውን አበላሸኸው ብዬ ጮኽሁበት። ቀና ብሎ አየኝና ብሎኖቹን መልሶ አስሮ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ለሰማኝ ሁሉ ጌትነት የምናለን ኮምፒውተር ሰበረው እያልሁ አወራሁ። ለእናትህም ነገርኋቸው፣ እሳቸውም ፊት ነሡት። እሱ አንድም ቀን ክፉ አልመለሰልኝም።

እንግዲህ የሙት ዓመትህ ዕለት ሰዉ ተሸኝቶ ዘመድ ብቻ ሲቀር፣ ከግምጃ ቤት ከተማ የመጡት እናትህ በአዊኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ልጄን በሲዲዋ ሳላየው አልሄድም ነው የሚሉት ብሎ ጌትነት ነገረኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ "ምን ላድርግ፣ እማማ፣ ልጅዎ ሰብሮታል" አልሁ። እዚያው እሱ ፊት!

ጌትነት ተነሣ። የኮምፒውተሩን ኬብል ነቀለ፣ የወረቀት ክሊፕ አቃንቶ መክተቻው ላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ሰደደና ገፋ አደረገ። መክተቻው ላላ አለለት። ቀስ እያለ ሲስበው ነጭ ክር ተከትሎ ወጣ፤ ጫፉ ላይ የዳንቴሌ አበባ ተንጠልጥላለች። አይጥ በላት እያልሁ የከረምሁባት አበባ! ሰዉ ክሩን አየ፣ ዳንቴሉን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ! ጌትነት ክሩን ከመክተቻው ጥርሶች ላይ ፈትቶ ሲጨርስ ሲዲዋን በሸሚዙ ጠራርጎ መለሳት።

ሠራ፣ ምናለዬ። እኔ ግን ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ መሬት መሬት አያለሁ። ዘፈኑን ሰማሁ፣ የፈረሶቹን ኮቴ ሰማሁ። ከዚያ እናትህ "ውይ ልጄን!" አሉ፤ ሰዉም በሳቅ ፈረሰ። የት እንደደረስህ ያን ጊዜ አወቅሁ። ፈረስህ የሙሽራውን ፈረስ ተከትሎ ሲፈተለክ፣ አንገቱን አቅፈህ "ያዙልኝ!" ስትል ነው። የአዊ ልጅ ሆነህ ፈረስ መፍራትህ! ቀና ብል የጌትነት ዓይን ይገጥመኛል ብዬ አቀርቅሬ ቀረሁ። ቀና ስል አንተ አልፈሃል፤ ዳስ ውስጥ የማላውቃቸው ሰዎች ይበላሉ። መልሰው አሳዩኝ ማለት በምን አፌ?

ሲዲዋን ይዟት ሄደ፤ የሱ ሰርግ ናት። "ደህና ሁኚ፣ እታለም" ብሎኝ ነው የሄደው። እኔ ይቅርታ የምትል ቃል እንኳ ከአፌ አልወጣችም።

ከዚያ ወዲህ ስሙን ያጠፋሁባቸው ጎረቤቶች ቤት እየዞርሁ፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ እያልሁ ነው። አንዳንዷ ታዝንልኛለች፣ አንዳንዷ ትስቅብኛለች፣ ይበለኝ። እናትህ ዘንድም ሄድሁ፤ ለራሱ ለጌትነት ንገሪው አሉኝ። የቀረኝ እሱ ነው። ነገ በሚኒባስ እንጅባራ እሄዳለሁ።

እንዳልረሳህ ቃል ልገባልህ ፈለግሁ። ፎቶህ ግድግዳው ላይ አለ፤ እሱ ግን ፎቶ ቤት ገብተህ የኮራህበት ነው። ስትስቅ፣ ስትደነግጥ ፊትህ እንዴት እንደሚሆን እየጠፋብኝ ነው፣ ምናለዬ፤ ይህም ያሳፍረኛል። በሩ ላይ ቆሜ በደልሁህ እለዋለሁ። ካስገባኝ መልሰህ አሳየኝ እለዋለሁ። ፈረሱ ላይ ስትደርስ ቀና ብዬ አይሃለሁ፤ ጌትነት ቢያየኝም ይየኝ።

ያንተው ጥሩዬ
ከዳንግላ