ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ኪስ

እማዬ፣ «ያን ሁሉ ዓመት ተምሮ አሁን ምን እየሠራ ነው?» ሳትዪ የዋልሽበት ቀን እንደሌለ አውቃለሁ። ጎረቤቶች ሲጠይቁሽም «ቢሮ ገብቷል» ብለሽ ወሬ እንደምታስቀይሪ እህቴ ነግራኛለች። እመልስልሻለሁ፤ በፊት ግን ጤናሽን ልጠይቅ። እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ ተሻለው? ዐይንሽስ ክር ለማስገባት የሰው እርዳታ መፈለግ ጀመረ ወይስ እንደ በፊቱ ነው? የአባዬ ሳል ለቀቀው ወይስ «ምንም አይለኝም» እያለ ይሸሽጋችኋል? የስፌት መኪናሽስ፣ ያ እንደ ሽማግሌ የሚያጉረመርመው፣ ደህና ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም።

ሥራዬ እንዲህ ነው። አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ቤት የሌላቸውን ልጆች ትምህርት እከታተላለሁ። ከእናታቸው ጋር በመጠለያ አዳራሽ የሚያድሩ አሉ፤ ዘመድ ቤት ኮሪደር ላይ ሳምንት ሰንብተው ወደ ሌላ ዘመድ የሚሻገሩም አሉ። አስመዘግባቸዋለሁ፣ የቀሩ ዕለት ያሉበት ድረስ ሄጄ እፈልጋቸዋለሁ፣ ያመለጣቸውን አስጠናቸዋለሁ። ቢሮ መግባቴም ውሸት አይደለም፤ ብቻ ቢሮዬ ድሮ የስፖርት ዕቃ መጋዘን ነበር፣ ዛሬም ወንበሬን ስስብ ከጠረጴዛው ሥር የተነፈሰ ኳስ ይወጣል።

ከልጆቹ አንዷን «ፈጣኗ» እንላታለን። መምህሩ ጠመኔውን ሳያስቀምጥ የሒሳቡን መልስ ትጨርሳለች። ዕድሜዋ አሥራ አንድ ነው፤ እናቷ የሰው ልብስ ታጥባለች፤ ትምህርት ከተከፈተ ወዲህ አራት ቦታ ቀይረዋል። ይህች ልጅ «ደብተርሽን አምጪ» ስትባል ሁልጊዜ «ረሳሁት» ትላለች። መምህሩ ዝንጉ ናት ብሎ ተስፋ ቆርጦባት ነበር። እኔም፣ አልዋሽሽም፣ ገሥጫታለሁ። ነገሩ የገባኝ ኋላ ነው። መጠለያው ጠዋት ጠዋት ይዘጋል፣ ዕቃ ማስቀመጥ አይቻልም። ደብተሮቿን ሹራቧ ሥር ይዛ ነው የምትዞረው፤ ዝናብ ሲመታት አብረዋት ይበሰብሳሉ። የራሰ ደብተር ከማሳየት «ረሳሁት» ማለት ቀሏት ነው።

የዚያን ቀን ግድግዳችን ትዝ አለኝ። ለስድስት ሰው አንዲት ክፍል፤ ቁም ሣጥን የለ፣ መሳቢያ የለ። አንቺ ግን ከደንበኞች የተረፈውን ቁርጥራጭ ገጣጥመሽ ከበሩ እስከ መስኮቱ የሚደርስ ባለ ኪስ መጋረጃ ሰቀልሽልን። የእኔ ኪስ ከአባዬ አሮጌ ሱሪ የተቆረጠው ነበር፤ የእህቴ ያ አበባ ያለበት፣ ስንቀናባት የኖርነው። ደብተሬ፣ እርሳሴ፣ ከመኪናሽ ሥር የለቃቀምኳቸው አዝራሮች እዚያ ያድራሉ። በሌላው ኪስ እጁን የሚከት አልነበረም፤ አባዬ እንኳ እርሳስ ሲቸግረው «ላውጣ?» ብሎ ያስፈቅደኝ ነበር። እግርሽ ሥር ተቀምጬ ብዜት ስሸመድድ፣ መርገጫውን ከቁጥሬ እኩል ስትረግጪልኝ፣ ሰባት በስምንት ላይ ስደናገር መኪናው ቆሞ ሲጠብቀኝ ... ድኻ መሆናችንን ማን ነግሮኝ? አሁን ሰፊ ክፍል ተከራይቻለሁ፤ ግን ዕቃዬን የት እንዳስቀመጥኩ ሁሌ ይጠፋኛል።

እናም ተነሣሁ። ሸራ ገዝቼ በምሳ ሰዓት በእጄ ለእሷና እንደ እሷ ላሉ ስድስት የክፍሏ ልጆች ሰባት ኪስ ሰፋሁ። የጥበቃው ጋሼ እያዩኝ «ዲግሪውን በመርፌ ነው እንዴ የሰጡህ?» ይሉኛል። ክፍላቸው ውስጥ ሰቀልኩትና፣ እማዬ፣ ከላዩ በትልልቅ ፊደል «ቤት ለሌላቸው ተማሪዎች» ብዬ ጻፍኩበት። ከየኪሱ ሥርም ስማቸውን አሳምሬ።

ሁሉም ደብተራቸውን ከተው ሲቀመጡ አንዱ ልጅ ጽሑፉን ጮክ ብሎ አነበበው። ከዚያ ዞሮ ፈጣኗን ቤት የላችሁም እንዴ ብሎ ጠየቃት። እኔ በር ላይ ቆሜ ምስጋና እጠብቃለሁ። እሷ ደብተሮቿን አውጥታ፣ ሹራቧ ሥር ከትታ፣ በአጠገቤ አልፋ ወጣች። ከዚያ ወዲያ አልመጣችም። ጋሼ ጽሑፉን ቀና ብለው አዩና፣

«ግንባሯ ላይ ብትጽፍላት ይሻል ነበር» አሉኝ።

ጽሑፉን ቀድጄ ስጥል ያ የጎረቤት ልጅ ታወሰኝ፤ ቤታችን መጥቶ «ካንጋሮ ናችሁ እንዴ?» ብሎ የሳቀብኝ። እኔ መጋረጃውን ልገነጥለው ስነሣ፣ አንቺ ሳትቆጪው «የራሱ የሌለው ነው የሚስቀው» ብለሽ እዚያው ለእሱም አንድ ኪስ ቀጠልሽለት። ከዚያ በኋላ ከቤታችን መቼ ወጣ! ለካስ መፍትሔው ኪስ መስፋት ብቻ አልነበረም፤ ለሁሉም መስፋት ነው። በክፍሉ ያሉት አርባ ስድስት ናቸው።

ትናንት መጠለያው ግቢ ሄድኩ። ፈጣኗ ከእናቷ ጋር አንሶላ ትጠመዝዛለች። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ለክፍሉ ልጅ ሁሉ እየሰፋሁ መሆኔን ነገርኳት። ስንት እንደደረሰ ጠየቀችኝ። አሥራ ዘጠኝ አልኳት። «ሃያ ሰባት ይቀራል» አለች ወዲያው፣ አንሶላውን ሳትለቅ። አንዴ ጠምዝዛ ደግሞ፣

«ሲሞላ እመጣለሁ። ሳይሞላ ከመጣሁ ኪሱ የማን እንደሆነ ልጆቹ ያውቃሉ» አለችኝ።

እናቷ ልጄ ግትር ናት፣ አትቀየመን አሉኝ። ምኑን እቀየማለሁ፤ እውነቷን ነው። ግን አሥራ አምስት የትምህርት ቀን የቀረ ተማሪ ከመዝገብ ይሰረዛል፣ ለፈተናም አይቀመጥም። እሷ ዛሬ ስድስተኛ ቀኗ ነው። ትምህርቱን ያለችበት እወስድላታለሁ፤ መቅረቷ ግን ይቆጠራል። የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው ሰኞ ይሞላል ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ።

ችግሩ የእኔ ስፌት ነው። መጽሐፍ ሲገባበት ከሥሩ ይተረተራል። የአንቺ ኪስ የአባዬን መዶሻ ተሸክሞ ከርሞም ክሩ አልላላም። የታቹን እንዴት ነበር የምታጥፊው? ደብዳቤውን የያዘው የአውቶቡስ ሾፌር ቅዳሜ ይደርስልሻል፣ በሳምንቱ ይመለሳል። ሃያ ሰባቱን ሰፍተሽ ብትልኪልኝ? ቁርጥራጭ ይበቃል፣ ቀለሙ የተደበላለቀ ይሁን። ወርዱ አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት፤ በአንቺ ስንዝር ሳይሆን በአባዬ።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ ሐኪም ዘንድ ሳይሄድ ደህና ነኝ ቢል እንዳታምኚው። እህቴን ጠርዝ ጠርዙን እንድትይዝልሽ አደራ በያት፤ አበባ ያለበትን ጨርቅ ለራሷ እንዳታስቀር። የእህቴን መንትዮች ብዜት እየጠየቅሽ ሳሚልኝ። አክስቴንም ጤና ይስጥልኝ ብሏል በያት።

የሚደርስልሽ ጥቂቱ ብቻ ከሆነም ቁጥሩን ጻፊልኝ፤ የቀረውን እኔው በጠማማ ስፌቴ እሞላዋለሁ። ለፈጣኗ አርባ ስድስት ብያታለሁ፤ እሷ ደግሞ በር ላይ ቆማ ሳትቆጥር አትገባም።

ልጅሽ

ከኳሶቹ ክፍል፣ ሐሙስ በምሳ ሰዓት፣ ወር በገባ በዘጠነኛው ቀን