ወደ በሩ የምታይ ልጅ

ኅዳር 3

ዛሬም ያው ነው። ክፍል... ካፌ... ዶርም። ጠዋት ጉም ግቢውን ውጦት ነበር። ዛፎቹ ከወገባቸው በላይ ብቻ ይታያሉ፣ አየር ላይ የቆሙ ይመስላሉ። ጉም ደስ ይለኛል። ማንንም ሰላም ማለት የለብኝም።

ናርዲ፣ የዶርም ጓደኛዬ፣ ቅርጻ ቅርጽ ነው የምታጠናው። ስታወራ ከእጇ ላይ የደረቀ ጭቃ ይረግፋል። «ሩት፣ አንቺ እኮ ግቢ ገብተሽ አልገባሽም» አለችኝ። ሳቅሁ። እውነቷን ነው።

ኅዳር 7

ቅዳሜ። እንደ ሁልጊዜው ወደ ቤታችን፣ ሰርቦ ሄድኩ። አባዬ ሽሮ ሠርቶ ጠበቀኝ። ጨው የለውም። ዝም ብለን በላነው።

እማዬ ካረፈች ወዲህ እዚያ ቤት የሚያወራው ሬዲዮ ብቻ ነው። አባዬ እኮ መምህር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሲያወራ የኖረ ሰው... ወዴት ሄደ ያ ሁሉ ድምፅ?

ሴሚስተሩን ልጨርስና ልመለስ። እሱ ማን አለው? ሥዕል ቤትም ይሳላል። ለማንም አልነገርኩም።

ኅዳር 19

ሕልም አየሁ። እማዬ ጓሮ ቆማለች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ። ጠራኋት። ዞረች... ፊቷ ምንም ያልተሳለበት ወረቀት ነው። ነጭ።

ከነቃሁ ጀምሮ ላስታውሳት እየሞከርኩ ነው። ድምጿ አለ። ጠረኗ አለ። ፊቷ ግን ልይዘው ስል ይሟሟል። መታወቂያዋ ላይ ያለችው እሷ አይደለችም፤ የተቆጣች ሌላ ሴት ናት። ካሜራ ስታይ እንደዚያ ነበር የምትሆነው፤ ሌላ ፎቶ እንቢ እንዳለች ኖረች።

ሥዕል እያጠናሁ የእናቴ ፊት ይጥፋኝ?

ታኅሣሥ 10

ናርዲ «ሻይ ልጋብዝሽ» ብላ አታለለችኝ። የወሰደችኝ የሥዕል ክበቡ ክፍል ነው። ክበቡን የሚመራው ኢርፋን ይባላል። ሦስተኛ ዓመት፣ እዚሁ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ያደገ ልጅ።

«ወላሂ ሞዴላችን ቀረብን። ትቀመጪልናለሽ? ትንሽ ብቻ... ማሎ፣ እባክሽ!»

እንቢ ልል አፌን ስከፍት ናርዲ ወንበሩን ከኋላዬ አስጠጋችው። ተቀመጥኩ። የሚስሉበት ከሰል ወረቀቱ ላይ ይንሿሿል... አንድ ሰው በደረቅ ቅጠል ላይ እየሄደ፣ እየራቀ፣ እየተመለሰ። ዓይኔን ሳልከድን የተኛሁ መሰለኝ።

ሲጨርሱ ሥዕሎቹን ግድግዳ ላይ ደረደሯቸው። አንዱ አፍንጫዬን አስረዝሞታል። አንዷ ፀጉሬን ደመና አድርጋዋለች። ግን ሁሉም ላይ ወደ በሩ ነው የማየው። ሁሉም ላይ!

«ማን ሊመጣ ነው?» አለ ኢርፋን።

«ማንም።»

«እንግዲያ አንቺ ልትሄጂ ነው።»

ለቀልድ ነው ያለው። እኔ ግን ፊቴ ተቃጠለ። ዶርም እንደገባን ለናርዲ ሁሉን ነገርኳት። አባዬን፣ መሄዴን፣ የእማዬን ፊት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። አትሂጂ አላለችም። «የዛሬ ሳምንት ስንገናኝ ከእኛ ጋር ቆመሽ ትስያለሽ» አለች፣ በቃ።

ታኅሣሥ 17

ክበቡ ጋ ሄድኩ።

ጥር 8

ዛሬ ክበቡ መናኸሪያ ወጣ። አቧራውን ፀሐይ ገብታበት ወርቅማ ጭስ አስመስላዋለች። ሚኒባሶቹ ከውስጡ ይወጣሉ፣ ተመልሰው ይገቡበታል። ኢርፋን ከአንዲት ሙዝ ሻጭ ጋር በኦሮምኛ ሲቀላለድ ቆይቶ ሥዕሏን ሰጣት። አገላብጣ አየችውና «እኔ ይሄን ያህል ወፍራም ነኝ?» ብላ መልሳ ሰጠችው። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እኔም። ሳቄን ራሴ ስሰማው ደነገጥኩ።

«ሰርቦ! ሰርቦ!» ይላል አንዱ ረዳት።

«ያንቺ አገር እንዴት ነው?» አለች ናርዲ።

አፌ ቀደመኝ። «ቡናው ሲያብብ ኑና እዩት» አልኩ።

ምን ነካኝ?

የካቲት 3

ለአባዬ ደወልኩለት። «ቅዳሜ ጓደኞቼን ይዤ እመጣለሁ።»

ሬዲዮውን ሲዘጋው ሰማሁ።

«ጓደኞች አሉሽ?» አለ።

የካቲት 8

ከየት ልጀምር...

ባለፈው የጣለው ዝናብ ቡናውን ቀስቅሶታል። ሰርቦ ነጭ በነጭ ሆና ጠበቀችን። ሽታው ከመንገድ ይቀበላል፤ ጣፋጭ ነው፣ ራስ ያዞራል። ሁላችንም ድምፃችንን ቀነስን። ጮክ ብለን ካወራን የሚረግፍ ይመስል።

አባዬ ጺሙን ተላጭቶ፣ ደጁን ጠርጎ ቆሟል። ልጆቹ ጓሮ ገብተው በየዛፉ ሥር ተበተኑ። እሱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራል፣ ልክ እንደ ፈተና ቀን። ኢርፋን ጋ ሲደርስ ቆመ።

«አበባው እኮ ከግንዱ አይወጣም፣ የኔ ልጅ። ቅርንጫፉን ቀረብ ብለህ እየው። የቅጠሉ ብብት ሥር ነው።»

«እውነትዎን ነው ጋሼ። ያሳዩኝ እስቲ» አለ ኢርፋን።

አሳየው። ከዚያ ስለ ንቡ፣ ስለ ዝናቡ... የክፍል ድምፁ! ስንት ጊዜዬ እሱን ከሰማሁ! አንገቴን ደፍቼ የምስል መሰልኩ።

ቆይቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«ሩቴ... ሙሉን ትስያት ይሆን?»

እማዬን ነው። ሙሉእመቤትን።

«አባዬ... ፊቷ ጠፋኝ።»

ይቆጣል ብዬ ነበር። አፈሩ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።

«እኔም» አለ። «እኔም ልጄ። ለሰው እንዴት ይነገራል ብዬ...»

አለቀስን። ልጆቹ ሰምተዋል። ማንም ወደ እኛ አልዞረም። ናርዲ ብቻ እርሳስ ቀርጻ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

እትዬ ዩምና በአጥር በኩል መጣች፤ ጎረቤታችን፣ የእማዬ የልብ ጓደኛ። «ኮቱ ኢንተላ ኮ፣ ነይ ልጄ፣ እኔ አለሁ አይደል? ሳዪ፣ እነግርሻለሁ» አለች። ኢርፋን ይጠይቃል፣ እሷ ትመልሳለች፣ እኔ እስላለሁ። ግንባሯ ሰፊ ነበር? ቅንድቧስ? ጨረስኩና አሳየኋት።

«አስተግፊሩላህ! ይቺ የቀበሌ ሊቀመንበር ናት!»

አባዬ ሳይቀር ሳቀ። አጠፋሁ። እንደገና። እንደገና አጠፋሁ።

«አፏን ተይው ማሎ» አለች እትዬ ዩምና። «ሙሉ ስትስቅ አፏን በእጇ ትከድን አልነበር? ዓይኗ ብቻ ነው የሚቀረው።»

አዎ! እንዴት ረሳሁት? እጇን ሳልኩት። አባዬ ጎንበስ ብሎ «ትንሿ ጣቷ ጎበጥ ትላለች፣ ሙቀጫ መቷት ነው» አለ። ጣቷን አጎበጥኳት። ከዚያ... እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ዓይኗ ራሱ መጣ። እኔ አልሳልኩትም ብል ማን ያምነኛል?

አባዬ መነጽሩን አወለቀ። ወረቀቱን በሁለት እጁ ያዘ።

«እንዴት ነሽ ሙሉ?» አለ።

ነፋስ መጣና አበባው ረገፈብን።

መጋቢት 4

ሁለተኛው ሴሚስተር ከተጀመረ ቆየ እኮ። ትምህርት ላቋርጥ አልነበር? ረሳሁት።

ኢርፋን የእማዬን ሥዕል ለግንቦት ኤግዚቢሽን ለመነኝ። እንቢ አልኩ። የማያውቃት ሁሉ ፊቷ ላይ ሊያፈጥ? የአባዬ ናት። እዚያው ትኑር።

ግንቦት 9

ኤግዚቢሽኑ ዛሬ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ሥዕል ስሰቅል፣ ሰው ስቀበል፣ ድምፄ ተዘጋ። የትኛውን ሥዕል ማን እንደሳለው የሚጠየቀው እኔን ነው። «ሩትን ጠይቋት» ይላሉ። ከመቼ ጀምሮ?

ከሰዓት በኋላ ባጃጅ በር ላይ ቆመ። አባዬ! ሙሉ ልብሱን ለብሷል። እትዬ ዩምና ከኋላው። በእጁ በእማዬ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዟል።

«ሚስማር አላችሁ?» አለ ኢርፋንን።

«አባዬ፣ ግድ የለም...»

«ከእኔ ጋር ብቻ ተፋጥጣ ሰለቻት። ሰው ትይ እንጂ።»

ራሱ ሰቀላት። ራቅ ብሎ አየ፣ ተመልሶ አቃናት። ከዚያ አጠገቧ ቆመ። የማላውቃቸው ተማሪዎች መጥተው «ምን ሆና ነው የምትስቀው?» ይሉታል። ይነግራቸዋል። ለአንዱ የሠርጋቸውን ቀን፣ ለሌላው አንድ በሬ አዳራሽ የገባ ዕለት የሆነውን። እኔ ሰምቼው የማላውቀውን! ከአምድ ጀርባ ሆኜ ሰማሁ። ሰዎቹ ሲስቁ፣ እሷም አብራ ስትስቅ... ለአፍታ የት እንዳለሁ ጠፋኝ።

ሊመሽ ሲል ቦርሳዬን አነሳሁ። ቅዳሜ አይደል?

«ወዴት ነው?» አለ።

«ከአንተ ጋር ነዋ።»

«እኔ ከዩምና ጋር ነኝ። ደግሞ ነገ እንግዶች አሉኝ፤ ሁለት የሰፈር ልጆች ለፈተና አስጠናን ብለውኛል።» ግንባሬን ሳመኝ። «እሷን እዚህ ትቻታለሁ። አጫውቷት።»

ባጃጁ እስኪታጠፍ ቆሜ አየሁ። ሆዴ ትንሽ ባባ። ትንሽ ብቻ።

ስመለስ ክበቡ ሣሩ ላይ ተዘርሯል። ማንም የሚያወራበት ጉልበት የለውም። ናርዲ ጠጋ አለችልኝ። ተጋደምኩ። ሰማዩ ጠቁሮ ዝቅ ብሏል፣ ቀና ብል በጣቴ የምነካው ይመስላል። የመጀመሪያዋ ጠብታ ግንባሬ ላይ አረፈች።

ማንም አልተነሳም። እኔም አልተነሳሁም።