ለአሳማችን የላክሽው መራራ ጨው

ይድረስ ለባሌ እህት፣ ለእኔም ለእህቴ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? የጣሊያን ብርድ እንደኛ አይከፋም ይላሉ፤ አንቺ ግን መቼም ሹራብ መልበስ አትወጂም። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ወንድምሽ ቶዋደር ያው ጉልበቱን እያሻሸ ነው። አባታችሁ አባባም እንደ ልማዳቸው ሲቆጡ ይውላሉ፣ ጤነኛ ናቸው ማለት ነው። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ስደውል አጠገቤ ስለሚቀመጡ ነው። ደግሞም የእኔ ደስታ በስልክ ተወርቶ አያልቅም።

እንደምታውቂው እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ፣ ገና ሊደርስ ሲል በኢግናት ዕለት የገናው አሳማ ሲታረድ ግቢ ውስጥ ቆሜ አላውቅም። የሚያዝን ሰው አጠገቡ ካለ አሳማው ነፍሱ አልወጣ ትለዋለች፣ ሥጋውም ይበላሻል ይባል የለ። አባባ ገና ገለባው ሳይዘጋጅ «አንቺ አዛኝ ቅቤ አንጓች፣ ሂጂ ጎረቤት ተቀመጪ» ይሉኛል። እሄዳለሁ። ሥጋው ግን እኔ ሄጄም መበላሸቱን አልተወም። አምና ሽንጡ ነጣ ብሎ እንደ ራሰ ጨርቅ ውሃ ሲተፋ፣ አራጁ ፒንቴያ «ጋቭሪለ፣ ምን አሳረድከኝ፣ አሳማ ነው ዓሣ?» ብሎ በአባባ ላይ አሾፈ። ሰው ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። ዘንድሮም እንዲህ ከሆነ ጉረኖውን በመጥረቢያ አፈርሰዋለሁ አሉ። አሳማ ከሌላቸው ጠዋት ለምን ብለው ይነሳሉ? እኔን ያስፈራኝ ያ ነው።

ይሄኔ ነው ላንቺ በደብዳቤ የነገርኩሽ። አንቺም ከምትሠሪበት የአሳማ እርባታ ያየሽውን አስረዳሽኝ፦ ሥጋው ነጥቶ ውሃ የሚተፋው አሳማው በድንጋጤ ሲታረድ እንደሆነ፣ ማግኒዚየም የሚባለው ማዕድን በመጨረሻዎቹ ቀናት ከመኖው ጋር ቢሰጠው እንደሚረጋጋ፣ ሥጋውም ውሃውን እንደሚይዝ። የላክሽው ዱቄት ሲደርሰኝ፣ «ከማን እንደመጣ ለአባቴ እንዳትነግሪ» ያልሽኝን አክብሬ፣ ለአሳማው አጥንት የሚሆን ጨው ነው አልኳቸው። መቼም ያለ ምርቃታቸው ከሄድሽ ወዲህ ስምሽን ጠርተው አያውቁም። ባልሽኝ ልክ ከባልዲው መኖ ጋር አዋሃድኩት። አሳማው መጀመሪያ አፉን ሰበሰበ፤ መረረው መሰለኝ። የፖም ልጣጭ ስጨምርበት በላ።

የኢግናት ጠዋት ሻሼን አስሬ ልወጣ ስል ወንዶቹ ገመድ ይዘው ጉረኖው በር ላይ ቆመዋል። አሳማው ተጋድሞ ያያቸዋል እንጂ አይነሳም። ቶዋደር ሊገፋው ሲል አባባ ከለከሉት።

«አንቺ፣ ወዴት ነሽ?» አሉኝ።

«ማዘን ሳልጀምር ጎረቤት ልሂድ ብዬ ነው» አልኳቸው።

«ነይ ወዲህ። የምትቀልቢው አንቺ ነሽ፣ ጥሪው።»

ጠራሁት። እንደ ውሻ ተከትሎኝ ወጣ፤ አንድም ጊዜ አልጮኸም። አልዋሽሽም፣ ጆሮውን እያከክሁለት አዝኛለሁ። ቢላዋውን እንኳ አላየውም።

ከዚያ ፒንቴያን ከበን ቆምን። ሽንጡን ሲሰነጥቀው ቀይ ነው፣ ጠበቅ ያለ፣ መክተፊያው ደረቅ። ፒንቴያ በጣቱ ተጫን አደረገውና «አንተ፣ ይህችን ሴትዮ እስከዛሬ የምታባርራት ለምን ነበር?» አላቸው። «ዝም ብለህ ቁረጥ» አሉት። ከእርዱ በኋላ የረዱንን ሰዎች ጥብስ በምናበላበት የአሳማው ተዝካር ላይ ግን የመጀመሪያውን ጥብስ በእጃቸው አንስተው ሰሃኔ ላይ አደረጉልኝ። እንዲያ የጣፈጠኝ ምግብ የለም። ቶዋደር አረቄውን ረስቶ እኔን ያያል።

አሁን የምነግርሽን ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ሥጋውን ጢስ ቤት ስንሰቅል አባባ አንደኛውን ሽንጥ ለብቻው አደረጉና ማንም እንዳይነካው አሉ። ለማን ነው ብላቸው፣ «እኔ ባልዲውን አሳማው ሳይቀምስ እቀምሳለሁ» አሉኝ። «እዚህ አገር እንዲያ የሚመር ጨው የሚሸጥ ሱቅ የለም።»

ሊቆጡኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ግን አልተቆጡም። በሩን እየዘጉ «ለፋሲካ ይደርሳል» አሉ። እራት ላይ፣ ከጣሊያን ሰው የሚያመጣው አውቶቡስ አሁንም ወፍጮው ጋ ይቆም እንደሆነ ቶዋደርን ጠየቁት።

እግዚአብሔር ወገብሽን ያበርታልሽ፣ ከክፉ ይሰውርሽ፣ መንገድሽንም ያቅናልሽ።

ናፋቂሽ፣
የወንድምሽ ሚስት